የመቅደላው ልጅና የዘመኑ ኮት

(የመግቢያ ሙዚቃ፤ ቀስ በቀስ ዝቅ ይላል)

የዛሬው ትምህርታዊ ዝግጅት ስለ ወንድ ልጆች ኮት ይተርካል። ታሪኩ ከመቅደላ አምባ ተነስቶ እንግሊዝንና አሜሪካን ዞሮ በወሎ ወዳለችው መካነ ሰላም ይመለሳል። ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው፤ በእኛ አቆጣጠር ሲሆን ይነገራል።

ጊዜው ሐምሌ 1868 ነው። በእንግሊዝ ደቡብ ባለችው በዋይት ደሴት፣ ፍሬሽዎተር በምትባል መንደር፣ ጁሊያ ማርጋሬት ካሜሮን የተባለች ፎቶግራፍ አንሺ አንድ የሰባት ዓመት ልጅ ካሜራዋ ፊት አቀረበች። ልጁ ነጭ ሸማ ለብሷል፤ አንገቱ ላይ ጌጥ አለ። አይስቅም። በዚያ ዘመን አንድ ፎቶ ለመነሳት ብዙ ሰከንድ ሳይነቃነቁ መቆየት ግድ ስለነበር፣ በካሜሮን ፎቶዎች ውስጥ የሚስቅ ሰው ማግኘት አስቸጋሪ ነው። በዚህ ልጅ ፊት ላይ የሚታየው ግን የካሜራው ጣጣ ብቻ አይመስልም። አባቱ ከሞተ ገና ሦስት ወር፣ እናቱ ከሞተች ሁለት ወር ነበር።

ልጁ ዓለማየሁ ቴዎድሮስ ነው። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 በእኛ አቆጣጠር፣ የጄኔራል ሮበርት ናፒየር ጦር መቅደላን ሲሰብር አፄ ቴዎድሮስ ራሳቸውን ገደሉ፤ ልጃቸውንና እናቱን እቴጌ ጥሩወርቅን እንግሊዞች ይዘው ወረዱ። እቴጌዪቱ በመንገድ ትግራይ ላይ ታመው ሞቱና ጨለቆት ሥላሴ ተቀበሩ። ልጁ ያለ ወላጅ ባሕር ተሻገረ።

መቅደላ ከመካነ ሰላም በስተሰሜን ምሥራቅ ነው፤ በዚያው በበሽሎና በዐባይ ሸለቆዎች በተቆራረጠው ደጋ ላይ። የሁለቱን ቦታዎች ዝምድና ዛሬ የመቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲ ያሳያል፤ አንዱ ግቢው ቱሉ አውሊያ፣ ሌላው መካነ ሰላም ነው። ይህ አገር ብርዳም ነው። መካነ ሰላም ራሷ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,500 ሜትር ከፍ ብላ ተቀምጣለች፤ ወደ ለጋምቦ ሲወጣ ደግሞ የአምባ ፈሪት ጫፍ ከ4,000 ሜትር ያልፋል። እዚህ ልብስ ከጌጥነቱ በፊት የብርድ ጉዳይ ነው።

ታዲያ በዓለማየሁ ዘመን የዚህ ደጋ ወንድ ልጅ ምን ይለብስ ነበር? ትንሹ አጭር የጥጥ ጥብቆ፤ ከዚያም ያነሰው አንዳንዴ ምንም። እረኛው የበግ ለምድ ወይም ደበሎ ትከሻው ላይ ጣል ያደርጋል፤ ሱፍ ከሚፈተልበት ቤት ከሆነ ባና ይደርባል። የቆሎ ተማሪው መታወቂያው ያው ደበሎ ነው። የደረሳው ሽርጥና ቆብ ነው። የባላባት ልጅ ጥለት ያለው ሸማ ያጣፋል። ሱሪ መታጠቅ ከልጅነት የመውጣት ምልክት ስለነበር ሁሉም በየዕድሜው ይጠብቀዋል። እጅጌው፣ ኮሌታው፣ ኪሱና አዝራሩ ለየብቻ ተቆርጦ የሚገጠም ልብስ፣ ማለትም ኮት፣ በዚያ ዘመን ለደጋው ልጅ እንግዳ ነበር። ሸማኔው ጨርቁን በልክ ሸምኖ ይሰጣል፤ መቀስ እምብዛም ሥራ የለውም።

በመቅደላ የነበረው ልብስ ራሱ ወዴት እንደሄደ ይታወቃል። የተዘረፈውን ንብረት ለማጓጓዝ 15 ዝሆኖችና ወደ 200 የሚጠጉ በቅሎዎች እንዳስፈለጉ ይነገራል። ከፊሉ በአቅራቢያው በደላንታ ሜዳ በሐራጅ ተሸጠ። የእቴጌ ጥሩወርቅ እንደነበረ የሚነገርለት ጥልፍ ያለው የጥጥ ቀሚስ ዛሬ ለንደን ውስጥ በቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም ይገኛል። ሙዚየሙ ከመቅደላ የተወሰዱትን ዕቃዎች በ2018፣ በ150ኛው ዓመት፣ ለብቻ አውጥቶ ለሕዝብ አሳይቷቸው ነበር። ልጁ ተወሰደ፤ የእናቱም ቀሚስ ተወሰደ፤ ሁለቱም እንግሊዝ ውስጥ ለእይታ ቀረቡ ማለት ነው።

(አጭር የክራር ድምፅ)

በካሜሮን ፎቶዎች ላይ ከዓለማየሁ ጋር አንድ ግዙፍ ሰው ይታያል። ካፒቴን ትሪስትራም ስፒዲ ነው። ቁመቱ ወደ ሁለት ሜትር ይጠጋል፤ ቀደም ብሎ አፄ ቴዎድሮስን አገልግሎ አማርኛ ያውቃል፤ በአገሬው ስሙ ባሻ ፈለቀ ይባል ነበር። በፎቶው ላይ ስፒዲም እንደ ኢትዮጵያዊ ተዋጊ ለብሶ ቀርቧል። ፎቶዎቹ ታትመው ለገበያ ዋሉ። እዚህ ላይ መባል ያለበት ነገር አለ፦ ልጁ ሸማ የለበሰው የአገሩ ልብስ ስለሆነ ብቻ አይደለም። ገዢው ማየት የሚፈልገው ያንን ስለነበረም ነው። ሸማ ያልለበሰ የቴዎድሮስ ልጅ ፎቶ ያን ያህል አይሸጥም።

ንግሥት ቪክቶሪያ በዚያው ወር ኦዝቦርን በተባለው ቤተ መንግሥታቸው ልጁን አይተው ወደዱት፤ በዕለት ማስታወሻቸውም መልኩን አደነቁ። እኚሁ ንግሥት በልጆች ልብስ ታሪክ ውስጥ ስማቸው የሚነሳ ሴት ናቸው። በ1846 የበኩር ወንድ ልጃቸው ገና አምስት ዓመት ሳይሞላው የመርከበኛ ልብስ ለብሶ በሠዓሊው ዊንተርሃልተር ተሥሎ ነበር። ከዚያ በኋላ ሰፊው የመርከበኛ ኮሌታ ከእንግሊዝ ተነስቶ አውሮፓንና አሜሪካን አዳረሰ። አንድ የንጉሥ ልጅ የለበሰውን የሚሊዮን ሰው ልጅ ለበሰው።

ስፒዲ ዓለማየሁን ሕንድ አገር ይዞት ሄደ። ከጥቂት ዓመት በኋላ ግን የእንግሊዝ መንግሥት ገንዘብ ሚኒስቴር ልጁ ተመልሶ እንዲማር ወሰነና ከስፒዲ ነጠለው። ቼልተንሃም ገባ፤ ቀጥሎ መምህሩ ቶማስ ጄክስ ብሌክ በ1874 የራግቢ ትምህርት ቤት ርእሰ መምህር ሲሆን ተከትሎት ራግቢ ሄደ፤ በመጨረሻም ሳንድኸርስት የጦር ትምህርት ቤት። ባደገበት ጊዜ በተነሳቸው ፎቶዎች ላይ ሸማው የለም። ኮት ነው። በእንግሊዝ አዳሪ ትምህርት ቤቶች ኮት የግል ምርጫ አልነበረም። በኢተን ለምሳሌ ቁመቱ ያላደገ ልጅ ወገቡ ላይ የሚያልቅ አጭር ጥቁር ጃኬት ከሰፊ ነጭ ኮሌታ ጋር ይለብስ ነበር፤ ሲረዝም ጭራ ያለው ኮት ይፈቀድለት ነበር። የልጁን ደረጃ ከጀርባው ማንበብ ይቻል ነበር። ዓለማየሁ በዚህ ዓለም ውስጥ ደስተኛ እንዳልነበረ በሕይወት ታሪኩ ላይ የጻፉ ብዙዎች ይስማማሉ። ኅዳር 1879 ሊድስ ከተማ ውስጥ በሳንባ ሕመም ሞተ። ዕድሜው 18 ነበር። የተቀበረው በዊንዘር ቤተ መንግሥት ቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን ነው፤ አፅሙ ይመለስ የሚለውን የኢትዮጵያውያን ጥያቄ የእንግሊዝ ቤተ መንግሥት በ2023 እንደገና አልተቀበለውም።

ሸማውንም ኮቱንም ሌሎች መረጡለት። ትናንሽ ልጆች ሁሉ ልብሳቸውን አይመርጡም ቢባል እውነት ነው፤ የዓለማየሁ ልዩነት የሚመርጡለት ሰዎች የእሱ ሰዎች አለመሆናቸው ነው።

(ሙዚቃ)

ዓለማየሁ የተወለደው በ1861 ሚያዝያ ነው። በዚያው ወር አሜሪካ ውስጥ የእርስ በርስ ጦርነት ተጀመረ፤ ያ ጦርነት የአሜሪካን ልጆች ኮት ለወጠው። እንዴት?

መጀመሪያ ከጦርነቱ በፊት የነበረውን ማየት ያሻል። በ19ኛው ክፍለ ዘመን አሜሪካ ትንሽ ወንድ ልጅ የሚለብሰው እንደ ሴቷ ቀሚስ ነበር። አራት፣ አምስት፣ አንዳንዴ ስድስት ዓመት ሲሞላው ሱሪ ያጠልቃል፤ ቤተሰቡም ይደሰታል። ሱሪ መታጠቅን እንደ ትልቅ ነገር የሚያይ የወሎ ሽማግሌ ይህን ቢሰማ አይገርመውም። ማስረጃ ለሚፈልግ ፍራንክሊን ሩዝቬልት አለ። በ1884 ገና ሦስት ዓመት ሳይሞላው የተነሳው ፎቶ በነጭ ቀሚስና በረጅም ፀጉር ያሳየዋል። እኚሁ ሰው ፕሬዚዳንት ሆነው በየካቲት 1945 ግብፅ ውስጥ በመራራ ሐይቅ ላይ በጦር መርከብ አፄ ኃይለ ሥላሴን አነጋግረዋል።

በክፍለ ዘመኑ መጀመሪያ ሱሪ የደረሰ ልጅ አጭር ጃኬት ይለብስ ነበር፤ ሱሪው በጃኬቱ ወገብ ላይ በአዝራር ይያያዛል። ሲሮጥ አይወልቅም፤ መጸዳጃ ቤት መሄድ ግን ሌላ ጣጣ ነው። ይህ ልብስ በ1830ዎቹ ቀረ። በ1860ዎቹ ደግሞ የዙአቭ ጃኬት መጣ፦ አጭር፣ ፊቱ ክፍት፣ ጠርዙ በጥልፍ ገመድ የተከበበ። መነሻው አፍሪካ ነው። ፈረንሳይ አልጄሪያን በ1830 ስትወር ከተራራማው አገር ከዝዋዋ ሰዎች ወታደር መለመለች፤ ልብሳቸውን ያየው የፈረንሳይ ጦር ወሰደው፤ ከፈረንሳይ አሜሪካኖች ወሰዱት፤ በጦርነቱ ጊዜ በዙአቭ ልብስ የሚዋጉ ክፍለ ጦሮች ነበሩ። ከወታደሩ ደግሞ እናቶች ለአምስትና ለስድስት ዓመት ልጆቻቸው ገለበጡት። የወታደር ልብስ ልጅ ጀርባ ላይ ሲደርስ ፋሽን ይባላል።

ጦርነቱ ያመጣው ትልቁ ለውጥ ግን ልክ ነው። በመቶ ሺዎች ለሚቆጠሩ ወታደሮች ልብስ ለመስፋት ፋብሪካዎች የሰውን ቁመትና ደረት መዝግበው መደበኛ ልኮች አወጡ። ከጦርነቱ በኋላ ያው ዕውቀት ለሕዝብ ዝግጁ ልብስ መስፊያ ሆነ። ኤልያስ ሃው የስፌት መኪናውን መብት ያስመዘገበው በ1846 ነው፤ አይዛክ ሲንገር በ1851። በ1860ዎቹ መጀመሪያ አንድ የስፌት መኪና አምራች ኩባንያ ባወጣው ስሌት፣ በእጅ 16 ሰዓት ተኩል የሚፈጅ ኮት በመኪና ከሁለት ሰዓት ተኩል ጥቂት በሚበልጥ ጊዜ ያልቅ ነበር። ሻጭ ስለራሱ ዕቃ የሚናገረው እንደሆነ ይታወስ፤ ቢሆንም ልዩነቱ ሐሰት አልነበረም።

በ1863 ማሳቹሴትስ ውስጥ ኤብንዘር በተሪክ የተባለ ልብስ ሰፊ በየልኩ የተቆረጠ የወረቀት ንድፍ መሸጥ ጀመረ። ከመጀመሪያዎቹ ተፈላጊ ንድፎቹ አንዱ በጣሊያናዊው ጋሪባልዲ ስም የሚጠራ የወንድ ልጅ ልብስ ነበር። ከዚያ ወዲህ በገጠር ያለች እናት ጨርቅ ገዝታ፣ ወረቀቱን ጨርቁ ላይ ዘርግታ፣ በከተማ ሱቅ ያየችውን ኮት ራሷ መስፋት ቻለች።

እናቶቹ አንዳንዴም አበዙት። ፍራንሲስ ሆጅሰን በርኔት በ1885 በልጆች መጽሔት፣ በ1886 በመጽሐፍ ያወጣችው «ትንሹ ሎርድ ፎንትለሮይ» የተባለ ልቦለድ ጥቁር የከፋይ ጃኬት፣ አጭር ሱሪና ትልቅ የዳንቴል ኮሌታ የለበሰ ልጅ አስተዋወቀ። መነሻ የሆናት የራሷ ልጅ ቪቪያን ነው። በመላው አሜሪካ እናቶች ልጆቻቸውን በከፋይና በዳንቴል ጠቀለሏቸው፤ ልጆቹ ጠሉት። እግር ኳስ በዳንቴል እንዴት ይጫወቱታል?

(ሙዚቃ)

ይህ ሁሉ የአሜሪካ ስፌት ለወሎ ደጋ ምኑ ነው? የአሜሪካ ኮት በ19ኛው ክፍለ ዘመን እዚህ አልደረሰም። የአሜሪካ ጨርቅ ግን ደርሷል፤ አቡጀዲ።

ከማሳቹሴትስ የሽመና ፋብሪካዎች የሚወጣው ያልነጣ ጠንካራ የጥጥ ጨርቅ በሴለም ነጋዴዎች መርከብ ወደ ዛንዚባርና ወደ ቀይ ባሕር አካባቢ ይጓዝ ነበር። በምሥራቅ አፍሪካ ጠረፍ ጨርቁን በአሜሪካ ስም ይጠሩታል። እስከ 1865 ድረስ ጥጡ በባሪያ ጉልበት የተለቀመ መሆኑም አይዘነጋም። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን አቡጀዲ ወደ ኢትዮጵያ ከሚገቡ ሸቀጦች ዋነኛው ሆነ። በማርሴይ የአሜሪካ ቆንስል የነበረው ሮበርት ስኪነር በ1903 አዲስ አበባ ድረስ መጥቶ ታኅሣሥ ላይ ከምኒልክ ጋር የንግድ ውል ሲፈራረም፣ ከጀርባው የነበረው ትልቁ ምክንያት ይኸው ጨርቅ ነው። በኋላ የጃፓን አቡጀዲ በርካሽነቱ የአሜሪካውን ከገበያ አስወጣ።

አቡጀዲ የሸማኔውን ሥራ ሙሉ በሙሉ አላጠፋም፤ ግን ለመቀስ ሥራ ሰጠው። በጥቅል መጥቶ በክንድ ስለሚሸጥ ተቆርጦ ቢሰፋ አያሳዝንም፤ እናት ፈትላ አባት ያሸመነውን ሸማ መቁረጥ ግን ያሳዝናል። በአቡጀዲ፣ በኋላም በካኪ፣ ቁምጣና እጀ ጠባብ እየበዛ ሄደ፤ የስፌት መኪና የያዘ ልብስ ሰፊ ከሱቅ በረንዳ ላይ መቀመጥ ጀመረ።

ቤተ መንግሥቱ አካባቢ ደግሞ ሌላ ነገር ነበር። የወሎው የራስ ሚካኤል ልጅ የሆነው ልጅ ኢያሱ በ1909 የምኒልክ ወራሽ ሆኖ ሲታወጅ ገና ጎረምሳ ነው፤ ከፎቶዎቹ የሚታወሰው በጥልፍ ባጌጠ ካባ ነው። በዚያው ሰሞን፣ በ1908፣ አዲስ አበባ ላይ የምኒልክ ትምህርት ቤት ተከፈተ። ለክብር ካባ፣ ለትምህርት ኮት የሚለው ክፍፍል ከዚያ ወዲህ እየጎላ ሄደ። በየጠቅላይ ግዛቱ ትምህርት ቤት ሲከፈት፣ ደሴ ላይም ወይዘሮ ስኂን ትምህርት ቤት ሲያድግ፣ ከደጋው ወረዳዎች ለትምህርት የሚወርድ ልጅ ከመጽሐፉ በፊት የሚያሳስበው ልብሱ ነበር። ኮት ያለው ተማሪ የከተማ ሰው ነው፤ ጋቢ ያለው ገና የመጣ ነው።

በ1967 ዓመተ ምሕረት በእኛ አቆጣጠር የዕድገት በኅብረት ዘመቻ ወደ 60,000 የሚጠጉ ተማሪዎችንና መምህራንን ካኪ አልብሶ ወደ ገጠር ላከ። ለብዙ የገጠር ልጅ በልክ ተሰፍቶ አንድ ዓይነት የሆነ ልብስ በተማሪዎች ላይ ሲያይ ይህ የመጀመሪያው ሳይሆን አይቀርም። ወሎን ድርቅ በመታ ጊዜ ደግሞ ከዕርዳታው እህል ጋር ያገለገለ የፈረንጅ ልብስ መጣ። ይህን ለመናገር ደስ አይልም፤ ግን ጃኬት ወደ ብዙ ጎጆ የገባው በዚህ በር ነው።

ከዚያ ወዲህ ሳልባጁ አልቆመም። ያገለገለ ልብስ ለንግድ ማስገባት በሕግ የተከለከለ ነው፤ በኮንትሮባንድ ግን ይገባል፤ ከቦንዳው ተፈትቶ በገበያ ቀን መሬት ላይ ይዘረጋል። አንድ የአሜሪካ ልጅ ለብሶት የጠበበው ጃኬት፣ የማያውቀው ትምህርት ቤት አርማ ደረቱ ላይ እንዳለ፣ በወሎዋ ቦረና ውስጥ በግ ይጠብቃል። በደጋው ግን ኮት ጋቢን አላባረረም። ጋቢው ከላይ፣ ኮቱ ከታች ሆኖ ሁለቱም ቀሩ። ሰኔና ሐምሌን በደጋ ያሳለፈ ሰው ምክንያቱን አይጠይቅም። ለእንቁጣጣሽ፣ ለጥምቀትና ለዒድ ልጅ አዲስ ልብስ ሲገዛለት ደግሞ ጋቢው ቤት ይቀራል፤ ኮቱ ከላይ ይውላል፤ የሙስሊሙ ልጅ ጀለቢያው ላይ ይደርበዋል።

የልጅ ኮት ሲገዛ መካነ ሰላም ገበያ ላይም ሆነ መርካቶ የሚሰማው ቃል አንድ ነው፦ «ያድግበታል!» እጅጌው ጣትን ይሸፍናል፤ ትከሻው ይወርዳል፤ እናት ግን አትቸገርም። ልብስ ሰፊው እጅጌውን አይቆርጠውም፤ ወደ ውስጥ አጥፎ በትልልቅ ስፌት ይይዘዋል፤ በዓመቱ ስፌቱ ይፈታል፣ እጅጌው ይረዝማል። የ19ኛው ክፍለ ዘመን አሜሪካውያን እናቶችም ይህንኑ ያደርጉ ነበር፤ በልጅ ቀሚስ ላይ ጌጥ የሚመስሉት አግድም እጥፋቶች ሲፈቱ ቀሚሱን የሚያስረዝሙ መጠባበቂያዎች ነበሩ። እጅጌ ከተረፈ በኋላ ቀድሞ የሚያልቀው ክርኑ ነው፤ ልብስ ሰፊው ከውስጥ ኪሱ ጨርቅ ቆርጦ ይለጥፍበታል፤ ከዚያ ኮቱ ለታናሽ ወንድም ይተላለፋል፤ እጅጌውም እንደገና ይታጠፋል።

(የመውጫ ሙዚቃ ይጀምራል)

በሚቀጥለው ዝግጅት የደጋው በግ ሱፍ እንዴት ባና እንደሚሆን፣ ከመሸለት እስከ ሽመና፣ ይተረካል። እስከዚያው አድማጮች በቤታቸው ያሉ አረጋውያን ትምህርት ቤት በገቡ ቀን የለበሱት ምን እንደነበረ፣ ማን እንደሰፋውና ጨርቁ ከየት እንደመጣ ጠይቀው በጽሑፍ ቢልኩ ዝግጅቱ በደስታ ይቀበላል።